የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ይዤ አደጋ አደረስኩ፤ ለማን ምን ይከፈላል?

ጠያቂ፦ ቀስ ብሎ ነጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ካፊያ እየጣለ ቁልቁለት ስወርድ ከፊቴ የነበረው ታክሲ በድንገት ቆመ፤ ፍሬን ብይዝም መኪናዬ ተንሸራትታ ከኋላ ገጨሁት። የታክሲው የኋላ መዝጊያ ወደ ውስጥ ተጨራምቷል፤ ሾፌሩም አንገቱን እንደሚያመው ይናገራል። የእኔ መኪና ኮፈኑ ታጥፎ ራዲያተሩ ፈሷል። ጋቢና ተቀምጣ የነበረችው እናቴ ዳሽቦርዱን ልደገፍ ብላ እጇን ስትዘረጋ የእጅ አንጓዋ ተሰብሯል። የኋላ ወንበር ላይ ለጓደኛዬ የማደርስለት አዲስ ቴሌቪዥን ከነካርቶኑ ነበር፤ እሱም መስታወቱ ተሰንጥቋል። እኔ ራሴ ጉልበቴን ተመትቼ አንድ ሳምንት ሙሉ አነከስኩ።

ያለኝ መድን ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነው። አረቦኑን በየዓመቱ ሳላዛንፍ ስለከፈልኩ፣ መኪናዬን ለማሠራት ከሚያስፈልገው ቢያንስ ግማሹን ድርጅቱ ይሸፍንልኛል ብዬ አስብ ነበር። ስደውል ግን «የእርስዎን አንሸፍንም» ብለው በአጭሩ መለሱልኝ። የታክሲው ባለቤት በበኩሉ ታክሲው ጋራዥ የቆመባቸውን ቀናት ገቢ ጨምሬ እንድከፍለው፣ እንዲሁም «ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ የተጠየቅሁትን ሁሉ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት እንድፈርምለት እየወተወተኝ ነው።

የእኔን መኪና የማይሸፍን ከሆነ ይህ መድን በትክክል የሚሸፍነው ምንድን ነው? እናቴስ «ሦስተኛ ወገን» ትባላለች ወይስ የእኔ ቤተሰብ በመሆኗ ብቻ ከካሳ ትወጣለች? የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።


መልስ፦ የካሳ ፋይል

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ሕይወታችሁ ተረፈ፤ ለእናትዎም ምሕረቱን ያውርድላቸው። የካሳ ጥያቄ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ረጅም ጊዜ ስለሠራሁ፣ የእርስዎ ዓይነት ጥያቄ ይዞ በሩን ያንኳኳ ሰው ብዛት ለእኔ እንግዳ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መድኑ የተገባው ለመኪናው ይመስለዋል። የግዴታው መድን የተገባው ግን ለመኪናዎም ለእርስዎም አካል አይደለም፤ መኪናውን ሲነዱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት አድርሰው በሕግ ካሳ እንዲከፍሉ ቢገደዱ፣ ያንን ዕዳ በእርስዎ ምትክ እንዲከፍል የተገባ ነው። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ጉዳት «ለዚህ ሰው በሕግ ባለዕዳ ነኝ ወይ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ባለዕዳ ካልሆኑ መድኑ የሚከፍለው ነገር የለም፤ ሰው ደግሞ ለራሱ ባለዕዳ ሊሆን አይችልም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የእርስዎ ኮፈንና ራዲያተር መልስ አግኝተዋል፤ ጉልበትዎም እንደዚያው። መኪናዎ በእሳት ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ ወይም ዛፍ ቢወድቅበትም መልሱ ያው ነው፤ እነዚህ በፈቃደኝነት የሚገባው የሙሉ ሽፋን መድን ጉዳዮች ናቸው። የኋላ ማርሽ አስገብተው የራስዎን የግቢ በር ቢደረምሱት እንኳን፣ በሩ የእርስዎ ስለሆነ ሦስተኛ ወገን የሚባል ሰው አይኖርም። አንድ ደንበኛ የራሱን ሁለት መኪናዎች እርስ በርስ አጋጭቶ ሁለት የመድን ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። ሁለቱንም ወረቀት በየተራ አገላብጬ አይቼ፣ በየትኛውም በኩል ካሳ የሚከፈለው ሌላ ሰው እንደሌለ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

የታክሲው መዝጊያ በብዙ አገሮች ይሸፈናል፤ ነገር ግን በሁሉም አይደለም። በአውስትራሊያ የግዴታው መድን የሚከፍለው ለሰው አካልና ሕይወት ብቻ ሲሆን የሌላ ሰው መኪና ቢጎዳ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። የጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣ ሕግ የተመሠረተው የግዴታ መድን እንዲሁ ለሰው ጉዳት ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ግን የሰውም የንብረትም ጉዳት በግዴታው መድን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የእርስዎን ውል አውጥተው «የንብረት ጉዳት» የሚል አንቀጽ ከነገንዘብ ጣሪያው መኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ። የሾፌሩ የአንገት ሕመም ግን በየትኛውም አገር የሚገኝ የግዴታ መድን የመጀመሪያ ተግባር ስለሆነ አያሳስብዎ፤ የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ የእሱ ድርሻ ነው።

ታክሲው ቆሞ የቀረበት ገቢ ሰዎች ብዙ የሚከራከሩበት ነገር ነው። የጉዳት ካሳ ሕጉ በአደጋው ምክንያት የታጣ ገቢን እንደ ጉዳት የሚቆጥር ከሆነ የእርስዎ ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳዎ ከሆነ ደግሞ በጣሪያው ልክ የመድኑም ዕዳ ነው። ሆኖም ባለታክሲው «በቀን ይህን ያህል አገኝ ነበር» ስላለ ብቻ አይከፈለውም። የገቢ መዝገብ ይጠየቃል፣ የነዳጅ ወጪ ይቀነሳል፣ ጥገናው በእርግጥ የሚፈጀው ቀን ይቆጠራል። መለዋወጫ እስኪገኝ ሁለት ወር ጠበቅሁ የሚል ሰው መጠበቁ የግድ እንደነበር ማሳየት ይኖርበታል።

ቴሌቪዥኑ ያሳዝናል። ንብረትነቱ የጓደኛዎ ቢሆንም በእርስዎ እጅና ኃላፊነት ሥር፣ በእርስዎ መኪና ውስጥ ተጭኖ ስለነበር አብዛኞቹ የግዴታ መድን ሕጎችና ውሎች ከሽፋኑ ያስወጡታል። በመኪናው የተጫነ ጭነትና በአደራ የተያዘ ዕቃ ሌላ ዓይነት መድን ይፈልጋል። ከጓደኛዎ ጋር በሽምግልና ቢጨርሱት ይሻላል።

የእናትዎን ጉዳይ ለሕግ አዋቂዎች ልተወው። ከአገር አገር በጣም የሚለያየው እሱ ነው።


መልስ፦ ሕግ አንባቢ

ከላይ ያሉት ወንድም በደንብ ስላስረዱ እኔ የምጨምረው ሦስት ነገር ነው፤ ከሁሉም በፊት ግን ያንን ወረቀት አይፈርሙ።

ምክንያቱን ላስረዳ። የኃላፊነት መድን ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው የሚገባውን ካሳ መክፈል ሲሆን፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛው ደግሞ የማይገባውን ወይም የተጋነነውን ጥያቄ በእርስዎ ስም ተከራክሮ መመለስ ነው። ባለታክሲው ፍርድ ቤት ቢሄድ ጠበቃ የሚያቆመውና የሚከራከረው፣ እንደ ውሉም የክርክሩን ወጪ የሚሸከመው መድን ሰጪው ነው። እርስዎ አስቀድመው «የተጠየቅሁትን ሁሉ እከፍላለሁ» ብለው ከፈረሙ ግን ይህንን የመከላከያ በር በገዛ እጅዎ ዘጉት ማለት ነው። አብዛኞቹ ውሎች ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ኃላፊነትን ማመንን ወይም ክፍያ ቃል መግባትን ስለሚከለክሉ፣ ድርጅቱ ከሕጋዊው ካሳ በላይ ቃል የገቡትን «የራስዎ ጉዳይ ነው» ሊልዎት ይችላል። የሆነውን በእውነት መናገር ግን ፈጽሞ አይከለከልም። ለፖሊስ «መንገዱ እርጥብ ነበር፤ ፍሬን ያዝኩ፤ ተንሸራትቼ ገጨሁት» ብሎ ቃል መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የዕዳ መተማመኛ መፈረም ደግሞ ሌላ ነው።

ወደ እናትዎ ልምጣ። ተሳፋሪ በግዴታ መድን ውስጥ የገባው ቀስ በቀስ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1930 የግዴታ መድንን ስትደነግግ ተሳፋሪን መሸፈን ግዴታ አልነበረም፤ ግዴታ የሆነው በ1972 ነው። በአውሮፓም የቤተሰብ አባል ከሹፌሩ ጋር ሊመሳጠር ይችላል በሚል ጥርጣሬ ከካሳ የሚወጣበት አሠራር ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው መመሪያ ዝምድና ብቻውን ለአካል ጉዳት ካሳ መከልከያ ምክንያት እንዳይሆን ደነገገ፤ በ1990 የተከተለው ደግሞ ከሹፌሩ በስተቀር ተሳፋሪ ሁሉ እንዲሸፈን አደረገ። እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ እናትዎ ያለ ጥርጥር ሦስተኛ ወገን ናቸው። እንዲያውም የመኪናው ባለቤት ራሱ ጋቢና ተቀምጦ ሌላ ሰው እየነዳለት ቢጎዳ ተሳፋሪ ተብሎ ይካሳል። በሌሎች አገሮች ግን «ሦስተኛ ወገን» የሚለው ቃል ሲተረጎም የባለንብረቱን ቤተሰብ፣ በሥራ ላይ ያለ ተቀጣሪውን ወይም በጭነት መኪና ላይ የተሳፈረን ሰው የሚያስወጣ ሐረግ ይገኛል። ስለዚህ የሕጉን የትርጓሜ አንቀጽ ከነ«በስተቀር»ዎቹ ያንብቡ፤ የእናትዎ ካሳ የተንጠለጠለው በዚያች ቃል ላይ ነው። እዚህ ላይ የሚያሸማቅቅ ነገር አለ፤ እናትዎ ካሳ የሚጠይቁት በጥፋተኛው ላይ ስለሆነ፣ በወረቀት ደረጃ እናት በልጃቸው ላይ አቤቱታ አቀረቡ ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህንን እንደ ነውር ቆጥሮ ይተወዋል። ገንዘቡ ግን ከእርስዎ ኪስ አይወጣም፤ ለዚሁ ሲባል አረቦን ከፍለውበታል።

ሦስተኛው ጣሪያው ነው። የግዴታ መድን ዝቅተኛ ጣሪያ አገር ለአገር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በብሪታንያ ለሰው ጉዳት ጣሪያ የለም። በአውሮፓ ኅብረት ከ2021ዱ መመሪያ ወዲህ ዝቅተኛው ልክ ለንብረት በአንድ አደጋ 1.3 ሚሊዮን ዩሮ፣ ለሰው ጉዳት ደግሞ በአንድ አደጋ 6.45 ሚሊዮን ወይም በአንድ ተጎጂ 1.3 ሚሊዮን ዩሮ ነው። በጃፓን ለሞት እስከ 30 ሚሊዮን የን፣ የሰው ድጋፍ ለሚያሻው ከባድ ቋሚ ጉዳት እስከ 40 ሚሊዮን የን የሚከፈል ሲሆን፣ ቋሚ ጉዳት ላላስከተለ አደጋ ግን ጣሪያው 1.2 ሚሊዮን የን ነው። በካሊፎርኒያ ለሌላ ሰው ንብረት የግድ የሚያዘው ሽፋን እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ 5,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ አሁን 15,000 ሆኗል። አዲስ መኪና ለገጨ ሰው ይህ የት ይደርሳል? ፍርድ ቤት የወሰነው ካሳ ከጣሪያው ሲያልፍ ትርፉ እንደ ማንኛውም ዕዳ የእርስዎ የግል ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ተጎጂዎች ብዙ ከሆኑ ደግሞ ጣሪያው በመካከላቸው እንደየድርሻቸው ሊከፋፈል ይችላል።


መልስ፦ የተገጨሁት

እኔ በሌላኛው ወገን ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በሞተር ብስክሌት ስሄድ አንድ ሰው ከጎን ገጭቶኝ ትከሻዬ ተጎዳ። በአምስተኛው ቀን የመድን ድርጅቱ ሠራተኛ እቤቴ ድረስ መጥቶ በትሕትና አነጋገረኝ፤ የድንገተኛ ሕክምናውን ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ሰጥቶኝ አንድ ገጽ አስፈረመኝ። ገጹ «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ወደፊት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» ይል ነበር። አንብቤዋለሁ፤ ገብቶኛልም፤ ግን ትከሻዬ በሁለት ሳምንት ይድናል ብዬ ነበር። በአራተኛው ወር ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገኝ ሲነገረኝ ያንኑ ወረቀት ቅጂ አሳዩኝ። አቶ ቀስ ብሎ ነጂ፣ እናትዎ ጂብሱ ወጥቶ አንጓቸው መንቀሳቀስ መቻሉን ሐኪም ሳያረጋግጥ የመጨረሻ ስምምነት እንዳይፈርሙ። የሕክምናውን ወጪ በየጊዜው ማስከፈል ይቻላል፤ የመጨረሻ ፊርማ ግን መጨረሻ ነው። የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ ካሳ መጠየቅ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ስላለም ዝም ብሎ መክረምም አይበጅም።

ሌላም ልጨምር። ብዙ አሽከርካሪዎች ይህ መድን ለእነሱ ጥበቃ የተፈጠረ ይመስላቸዋል። ሕግ አውጪዎች ግዴታ ያደረጉት ግን ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሲሉ ነው፤ የገጨው ሰው ድሃ ስለሆነ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር። ሹፌሩ ሰክሮ ቢሆን ወይም መንጃ ፈቃድ ባይኖረው እንኳን፣ በብዙ ሕጎች መድን ሰጪው «ደንበኛዬ ውል አፍርሷል» ብሎ ለተጎጂው አልከፍልም ማለት የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ገጭቶ ለሚያመልጥ ሹፌርም ሆነ መድን ለሌለው መኪና መፍትሔ የሚሆን ተቋም ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው። በብሪታንያ እንዲህ ያለው ተቋም ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለዚሁ ዓላማ የመድን ፈንድ ይደነግጋል።


መልስ፦ ያለችኝን ይዤ

ውይይቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ስለዚህ ሁሉም ሰው ሙሉ ሽፋን ይግባ» ወደሚል እንዳንሄድ እሰጋለሁ። የእኔ መኪና ያረጀች ናት፤ የሙሉ ሽፋኑን አረቦን ለጥቂት ዓመታት ካጠራቀምኩት ዋጋዋን ያህላል። ከዚያም በላይ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ተቀናሽ፣ ማለትም ባለመኪናው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ፣ አለ። እኔ የመረጥኩት የግዴታውን ጣሪያ ጥቂት ጨምሬ ከፍ ማስደረግ፣ በተጨማሪም ለሹፌሩ የግል አደጋ መድን ማስገባት ነው። ኮፈን ቢታጠፍ እችለዋለሁ፤ የሰው ሕይወት ካሳ ግን አልችለውም።


ጠያቂ፦ ቀስ ብሎ ነጂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱን አልፈረምኩም። ሁለት ነገሮች ግን ግራ አጋቡኝ። «የተገጨሁት» እንዳሉት ለሰከረ ሹፌር እንኳን መድኑ የሚከፍል ከሆነ፣ ጠጥቶ የሚነዳ ሰው ምንም አይቀርበትም ማለት ነው? ሁለተኛው፣ ታናሽ ወንድሜ መኪናዬን አንዳንዴ በመጋዘን ግቢ ውስጥ ያንቀሳቅሳታል። ግቢው የሕዝብ መንገድ ስላልሆነ እዚያ የሚደርስ አደጋ ይሸፈናል?


መልስ፦ ሕግ አንባቢ

ይቀርበታል እንጂ። መድን ሰጪው ለተጎጂው ይከፍልና ዞሮ ወደ ሹፌሩ ይመጣል፤ የከፈለውን መልሶ ይጠይቀዋል። በጀርመን ጠጥቶ በማሽከርከር ምክንያት የሚጠየቀው ተመላሽ ለአንድ ሰው ከ5,000 ዩሮ እንዳይበልጥ ደንቡ ገድቦታል፤ መኪናውን ሰርቆ የነዳ ሰው ግን ይህ ገደብ አይጠቅመውም። ገደብ በሌለባቸው አገሮች መድን ሰጪው የከፈለውን በሙሉ ሊያስመልስ ይችላል። በሌላ አነጋገር ለተጎጂው መድን ሆኖ ለሰካራሙ ሹፌር ግን ብድር ይሆንበታል። ቅጣትና የወንጀል ተጠያቂነት ደግሞ በየትኛውም መድን አይሸፈኑም። ወንድምዎ መንጃ ፈቃድ ከሌለው፣ ቁልፉን የሰጡት እርስዎም የተመላሹ ጥያቄ ሊደርስብዎ እንደሚችል ይወቁ።

የግቢው ጥያቄ በእርግጥም ፍርድ ቤቶችን ሲያከራክር የኖረ ነው። በስሎቬኒያ እ.ኤ.አ. በ2007 በአንድ የእርሻ ግቢ ውስጥ ድርቆሽ ወደ ጎተራው እየተጫነ ሳለ፣ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር ወደ ኋላ ሲል መሰላሉን መትቶ ላዩ የቆመውን ሰው ጣለው። የአገሩ ፍርድ ቤቶች መድኑ ትራክተሩን እንደ መጓጓዣ እንጂ እንደ ሥራ መሣሪያ አይሸፍነውም ብለው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በ2014 ከተሽከርካሪው የተለመደ ተግባር ጋር የሚስማማ ማንኛውም አጠቃቀም ይሸፈናል ብሎ ወሰነ። በ2021 የወጣው መመሪያ ደግሞ ተሽከርካሪው በአደጋው ጊዜ እንደ መጓጓዣ እያገለገለ መሆን አለበት በሚል ጠበብ አደረገው፤ ቦታው የግል መሬት መሆኑ ግን ለውጥ አያመጣም። በሌሎች አገሮች ሕጉ «በመንገድ ላይ» ብሎ ከወሰነው ግቢው ከሽፋን ውጭ ሊሆን ይችላል። እዚህም ላይ የሚወስነው የሕጉ ቃል ስለሆነ፣ ወንድምዎ ቁልፉን ዳግም ከመውሰዱ በፊት ውልዎን ይመልከቱ።


ጠያቂ፦ ቀስ ብሎ ነጂ

ለሚከታተሉ ሰዎች የደረስኩበትን ላሳውቅ። የውሉን ሦስተኛ ገጽ ሳነብ ተሳፋሪ እንደሚሸፈንና ቤተሰብን የሚያስወጣ ሐረግ እንደሌለ አየሁ። እናቴ መጀመሪያ «ልጄን ልከስ ነው እንዴ?» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ ገንዘቡ ከመድን ድርጅቱ እንደሚወጣ ሳስረዳት የሕክምና ደረሰኞቿን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥር፣ ጎማዬ የተንሸራተተበትን እርጥብ አስፋልት ያነሳሁትን ፎቶግራፍና የውሉን ቁጥር ለባለታክሲው ሰጥቼ ጥያቄውን በቀጥታ ለመድን ድርጅቱ እንዲያቀርብ ነግሬዋለሁ፤ የገቢ መዝገብ እንደሚጠየቅ ስነግረው የቆመበትን ቀን ከሃያ ወደ ዘጠኝ አወረደው። ራዲያተሩን ከኪሴ ቀየርኩ፤ ኮፈኑ ለጊዜው በሽቦ ታስሯል።